የማግኔት ትምህርት ቤት ውጤት ምን ይነግረናል? ምንስ ይደብቃል?

በየዓመቱ የአሜሪካ ምርጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደረጃ ሲወጣ ከላይ ከሚሰለፉት ብዙዎቹ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ቤት ውስጥም፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢም፣ በቴሌግራም ግሩፕም ወሬው የአካባቢውን መራጭ ትምህርት ቤቶች ስም እየጠራ “ቲጄ ይሞክር?”፣ “ብሌር ማግኔትስ?”፣ “ባነከር ይሻላል ይላሉ” ይሆናል።

ወሬውን ተከትለው ሁለት ዓይነት ቁጥሮች ይመጣሉ። አንዱ የትምህርት ውጤት ነው፦ ስንት በመቶ አለፈ፣ ስንት በመቶ ተመረቀ። ሌላው የተማሪዎቹ ማንነት ነው፦ ስንቱ ጥቁር፣ ስንቱ እስያዊ፣ ስንቱ ላቲኖ፣ ስንቱ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ፣ ስንቱ እንግሊዝኛ ገና እየተማረ ያለ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ካልተነበቡ ወላጅን ያሳስታሉ። በተለይ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ሲሆን።

ማግኔት ትምህርት ቤት ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ በተለመደው አሠራር የሚማረው በሚኖርበት ሰፈር ትምህርት ቤት ነው። ማግኔት የሚባለው ግን የሰፈር ድንበር ሳያግደው ከብዙ አካባቢ ተማሪ የሚስብ፣ በአንድ ሙያ ወይም የትምህርት ዘርፍ ላይ ያተኮረ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ክፍያ የለውም። ሳይንስና ሒሳብ ላይ የሚያተኩር አለ፣ ኪነ ጥበብ ላይ የሚያተኩር አለ፣ ቋንቋ ላይም አለ።

መነሻው ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጎበዞችን መሰብሰብ አልነበረም። በ1954 (እዚህ ያሉት ዓመታት ዓ.ም ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በሕግ ለያይቶ ማስተማርን ከከለከለ በኋላ፣ ሰፈሮቹ ራሳቸው ተለያይተው ስለቆዩ ትምህርት ቤቶቹም እንደተለያዩ ቀሩ። አንዳንድ ከተሞች ልጆችን በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር አዘዋወሩ፤ ተቃውሞው ከባድ ሆነ። ያኔ የመጣው ሐሳብ “ከማስገደድ ይልቅ እንሳባቸው” የሚል ነበር። በ1968 በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ፣ አብዛኛው ተማሪው ጥቁር በነበረበት ማካርቨር የተባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የተሻለ ትምህርት በማቅረብ ነጭ ቤተሰቦች ወደው ልጆቻቸውን እንዲልኩ ተደረገ። የመጀመሪያው ማግኔት እርሱ ነው ይባላል። የተማሪዎቹ ስብጥር ጉዳይ እንግዲህ ኋላ የተለጠፈ ክርክር ሳይሆን የተፈጠሩበት ምክንያት ነው።

አቀባበላቸው ይለያያል። ብዙዎቹ ማግኔቶች ዕጣ ያወጣሉ። ዕጣ የሚያወጡት ማንንም አይመርጡም፤ ዕድል የደረሰው ይገባል። ሌሎቹ በውጤት፣ በድርሰት፣ በቃለ መጠይቅ ወይም በፈተና ይመርጣሉ። ከዚህ በታች የምናወራው በዋናነት ስለ መራጮቹ ነው።

ውጤታቸው ከፍ የሚለው ለምንድን ነው?

ማኛ ጤፍ ገዝታ የጋገረች ሴት እንጀራዋ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ሲወጣ፣ ምን ያህሉ የጤፉ ነው፣ ምን ያህሉ የእጇ ሙያ? ሙያዋን ለማወቅ ሌላዋም በዚያው ጤፍ ጋግራ መታየት አለበት። መራጭ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። በስምንተኛ ክፍል ሒሳብ የላቁትን ለይቶ ከተቀበለ፣ በአሥራ አንደኛ ክፍል በሒሳብ ቢልቁ ገና በር ላይ የታወቀ ነገር ነው። ይህ የመምህራኑን ልፋት አያሳንስም፤ ግን አማካይ ውጤቱ ብቻውን ልፋታቸውን አይለካም።

ይህንን ከአገር ቤትም እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896 ሺህ ከሚበልጡ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያው ዓመት ያስፈተኗቸውን ሁሉ ካሳለፉት እጅግ ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል ደግሞ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። እነዚህ ተማሪ ሲቀበሉም በውጤት መርጠው ነው። መምህሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የአዳሪነቱ ጸጥታ ድርሻ አላቸው፤ የምርጫው ድርሻ ግን ከሁሉ ቀድሞ ይቆጠራል።

ዲሲ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ትምህርት ቤቶችን ጎን ለጎን ማየት ነገሩን ያጠራዋል። ስኩል ዊዝአውት ዎልስ በ1971 የተመሠረተ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ቤንጃሚን ባነከር ደግሞ በ1981 በዛሬው መልኩ ሥራ የጀመረ፣ ስሙን በራሱ ጥረት የሥነ ፈለክ ሊቅ ከሆነው ጥቁር አሜሪካዊ የወሰደ፣ በ2021 ሾው ሰፈር ውስጥ አዲስ ሕንፃ የገባ ነው። ሁለቱም በማመልከቻ መርጠው ይቀበላሉ፤ ሁለቱም በዲሲ ከፍተኛ ውጤት ከሚያስመዘግቡት መካከል ናቸው። የተማሪዎቻቸው ስብጥር ግን አይመሳሰልም። በዎልስ ነጭ ተማሪዎች በርካታ ናቸው፤ በባነከር አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ናቸው። “እንዲህ ዓይነት ተማሪ የበዛበት ትምህርት ቤት ውጤቱ ዝቅ ይላል” የሚለው የተለመደ ግምት ባነከር ደጃፍ ላይ ይወድቃል። ሆኖም ባነከርም መራጭ ስለሆነ፣ የባነከርን አማካይ ከሰፈር ትምህርት ቤት አማካይ ጋር አስተያይቶ “እነዚያ መምህራን ሰነፎች ናቸው” ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቲጄ ላይ የተፈጠረው ክርክር ምን ነበር?

ቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሰው በአጭሩ ቲጄ የሚለው፣ በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ በ1985 ተከፈተ። ትንሽ የሚባል አይደለም። ነገር ግን የመግቢያ ደንብ ሲለወጥ የተማሪዎች ስብጥር እንዴት እንደሚለወጥ ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

እስከ 2020 ድረስ ለመግባት 100 ዶላር የማመልከቻ ክፍያና ፈተና ነበር። ለፈተናው የሚያዘጋጁ የግል ማስጠኛዎች በዙሪያው በዝተው ነበር። በ2024 ለሚመረቀው ክፍል ጥሪ ከደረሳቸው 486 ተማሪዎች 73 በመቶ ያህሉ እስያውያን ሲሆኑ፣ የጥቁር ተማሪዎች ቁጥር እጅግ ከማነሱ የተነሳ በሪፖርቱ ላይ ሳይጻፍ ቀረ። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም።

በ2020 መጨረሻ የካውንቲው የትምህርት ቦርድ ፈተናውንም ክፍያውንም አስቀረ። አመልካቹ ቢያንስ 3.5 ጂፒኤ እንዲኖረው፣ ከባድ የሒሳብ ትምህርት እንዲወስድ፣ ድርሰት እንዲጽፍ ተጠየቀ። ከየመለስተኛ ትምህርት ቤቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ ለሚሆኑት ቦታ ተያዘ። ማመልከቻውን የሚያዩት ሰዎች የልጁን ስምም ዘርም አያውቁም፤ የነፃ ምሳ ተጠቃሚ መሆኑን፣ እንግሊዝኛ እየተማረ መሆኑን፣ ቀድሞ ብዙ ተማሪ ወደ ቲጄ ከማይልክ ትምህርት ቤት መምጣቱን ግን ከግምት ያስገባሉ።

በአዲሱ ደንብ መጀመሪያ ዓመት ጥሪ ከደረሳቸው 550 ተማሪዎች እስያውያን 54 በመቶ፣ ነጮች 22 በመቶ፣ ላቲኖዎች 11 በመቶ፣ ጥቁሮች 7 በመቶ ሆኑ። ትልቁ ዝላይ ግን በዘር ሳይሆን በገቢ ነው፦ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡት ከአንድ በመቶ በታች ተነሥተው 25 በመቶ ደረሱ። የዜናው ርዕስ ሁሉ ዘር ላይ ስለነበር ይህ ቁጥር ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ተቃዋሚ ወላጆች፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ስደተኞች፣ ደንቡ የእስያውያንን ቁጥር ለመቀነስ ታስቦ የወጣ ነው ብለው ከሰሱ። በየካቲት 2022 የፌዴራል ዳኛ ፈረደላቸው። በግንቦት 2023 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሁለት ለአንድ ድምፅ ገለበጠው፤ ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ እስያውያን በአዲሱ ደንብም ጥሪ ያገኙት ከአመልካቾች መካከል ካላቸው ድርሻ በላይ መሆኑ ነበር። በየካቲት 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ፤ ሁለት ዳኞች ይህን ውሳኔ ተቃወሙ።

ቲጄ ከ2020 እስከ 2022 ዩኤስ ኒውስ የተባለው መጽሔት በየዓመቱ በሚያወጣው የትምህርት ቤቶች ደረጃ በአገር አቀፍ አንደኛ ነበር። በ2023 አምስተኛ፣ በ2024 ደግሞ 14ኛ ሆነ። “ደንቡ ስለተለወጠ ወደቀ” የሚል ወሬ ወዲያው ተሰራጨ። አቆጣጠሩን ስናይ ግን ወሬው አይቆምም። የ2024ቱ ደረጃ የተሠራው በ2021–22 የትምህርት ዘመን መረጃ ሲሆን፣ ከነጥቡ ትልቁ ክፍል የሚመዝነው በዚያ ዓመት 12ኛ ክፍል የነበሩትን ነው። እነርሱ ደግሞ በአሮጌው ፈተና የገቡ ናቸው። በአዲሱ ደንብ የገቡት ልጆች በዚያ ዓመት ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበሩ። የደረጃ ሰንጠረዥ የሚነግረን ያለፈን ጊዜ ነው፤ በየትኛው ዓመት መረጃ እንደተሠራ ሳያዩ ምክንያት መደርደር አይቻልም።

ታዲያ ትምህርት ቤቱ ራሱ ልጁን ምን ያህል ያሳድገዋል?

ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ ብልህ መንገድ አግኝተዋል። የመግቢያ ነጥቡ 80 ቢሆን፣ 80 ያመጣውና 79 ያመጣው ልጅ በችሎታ አይለያዩም ማለት ይቻላል። አንዱ ገባ፣ አንዱ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱን ማስተያየት የትምህርት ቤቱን ድርሻ ከልጁ ችሎታ ለይቶ ያሳያል።

አቲላ አብዱልካድሮግሉ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጆሹዋ አንግሪስትና ፓራግ ፓታክ በቦስተንና በኒውዮርክ በፈተና የሚገቡ ትምህርት ቤቶችን በዚህ መንገድ አጥንተው በ2014 አሳተሙ። ለጥቂት የገቡትና ለጥቂት የቀሩት ልጆች በኋለኞቹ ፈተናዎች ያመጡት ውጤት እምብዛም አልተለያየም። ለጥቂት ስላመለጠው ልጅ እንቅልፍ ላጣ ወላጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጁ የትም ቢማር የሚሠራው ያው ልጅ ነው።

ግን ጥናቱ ከሚለው በላይ አንለጥጠው። የተመለከተው መስመሩ አካባቢ ያሉትን ነው እንጂ ከመስመሩ እጅግ በላይ ያሉትን አይደለም። የለካው የፈተና ውጤትን ነው፤ ላብራቶሪ፣ የጓደኛ ተጽዕኖና ምክር ለዕድሜ ልክ የሚሰጡትን አልለካም። በሌላ በኩል በኮነቲከት ግዛት በዕጣ የሚገባባቸውን ማግኔቶች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ የሁለተኛ ደረጃዎቹ የከተማ ልጆችን በሒሳብና በንባብ እንዳሻሻሉ አግኝተዋል። ከጥሩ የሰፈር ትምህርት ቤት የሚነሣ ልጅና ከተጎዳ ትምህርት ቤት የሚነሣ ልጅ ከማግኔት የሚያተርፉት እኩል አይደለም።

ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ ቁጥሩ ለምን ይዘላል?

አንድ ክፍል ውስጥ 20 ጥቁር ተማሪዎች ቢፈተኑ አንድ ልጅ ብቻውን 5 በመቶ ነው። ሦስት ልጆች በፈተናው ቀን ቢታመሙ ወይም ቢረበሹ የማለፍ ምጣኔው በ15 ነጥብ ይወርዳል። በሚቀጥለው ዓመት በ15 ቢወጣ “ርእሰ መምህሩ ተአምር ሠራ” ይባላል። በሁለቱም ዓመት ትምህርት ቤቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ለትንሽ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ቁጥር ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ሦስት ወይም አራት ዓመት አንድ ላይ መታየት አለበት።

በዚያ ላይ የተደበቀ ቁጥር አለ። አንድ ቡድን ከአሥር ተማሪ በታች ከሆነ የልጆቹን ግላዊነት ለመጠበቅ ውጤቱ አይታተምም፤ በቦታው ኮከብ ወይም ሰረዝ ይቀመጣል። ሜሪላንድ ደግሞ 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ትክክለኛ ቁጥር ሳትገልጽ “95 ወይም በላይ” ብላ ታልፋለች። ሰረዝ “ውጤት የለም” ማለት አይደለም፤ “ልጆቹ ጥቂት ናቸው” ማለት ነው። ይህም ራሱ መረጃ ነው።

የምረቃ ቁጥርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሜሪካ አቆጣጠር ልጁ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወር ከቀድሞው ስሌት ወጥቶ የተቀበለው ትምህርት ቤት ላይ ይቆጠራል። ማግኔት የከበደው ልጅ በአሥረኛ ክፍል ወደ ሰፈሩ ቢመለስ፣ ማግኔቱ የምረቃ ምጣኔ ላይ ምንም አይጎድልም።

በትልቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ትንሽ ማግኔትስ?

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው ሞንትጎመሪ ብሌር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ3,000 በላይ ተማሪዎች አሉት። የሳይንስ፣ የሒሳብና የኮምፒዩተር ማግኔቱ በ1985 በትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲከፈት፣ ከታሰቡለት ዓላማዎች አንዱ የትምህርት ቤቱን ስብጥር ማመጣጠን ነበር። በየዓመቱ የሚቀበለው ወደ 100 ተማሪዎች ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በዚያ ሰፈር ስለሚኖሩ ልጆቻቸው በአድራሻቸው ብሌር ይገባሉ፤ ማግኔቱ ግን ሌላ ማመልከቻ ነው።

ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንውሰድ። 400 የማግኔት ተማሪዎች 95 በመቶ፣ ሌሎቹ 2,600 ደግሞ 50 በመቶ ቢያልፉ፣ የጠቅላላው አማካይ 56 በመቶ ይሆናል። ይህ 56 ማንንም አይገልጽም። በማግኔቱ ያለውን ልጅም፣ በመደበኛው ያለውንም አይመስልም። “ብሌር ጥሩ ነው” ወይም “ብሌር ደካማ ነው” ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው “የትኛው ብሌር?” ነው።

የእኛ ልጆች የት ይቆጠራሉ?

እኛን በቀጥታ የሚነካን ክፍል ይህ ነው። በአብዛኛው የትምህርት ቤት ሪፖርት የኢትዮጵያውያን ልጆች “ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ” በሚለው ውስጥ ይቆጠራሉ። አያቶቹ ጭምር እዚሁ ተወልደው በመድልዎ ውስጥ ያለፉ ልጅ፣ ከናይጄሪያ ሐኪም ቤተሰብ የመጣ ልጅ፣ አባቱ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ቁጥር ናቸው። ስለዚህ አንድ ማግኔት “ጥቁር ተማሪዎቼ ጨመሩ” ሲል የጨመሩት የትኞቹ እንደሆኑ አናውቅም። የአንዱ ወገን መጨመር የሌላውን መቅረት ሊሸፍን ይችላል፤ ይህ ለጥቁር አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ሲባልም ልናስብበት የሚገባ ነው።

በመጋቢት 2024 የፌዴራል መንግሥቱ የዘርና የብሔር መጠይቁን መስፈርት ሲያሻሽል፣ “ጥቁር” ከሚለው ሥር አፍሪካዊ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊና ሶማሌ የሚሉ ዝርዝር ምርጫዎችን አስገብቷል። ይህ በትምህርት ቤቶች ፎርም ላይ ከደረሰ የልጆቻችን ውጤት ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ሊታይ ይችላል።

ሁለተኛው መቆጠሪያ የምሳ ፎርም ነው። የቤተሰብ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 130 በመቶ በታች ከሆነ ምሳው ነፃ ነው፤ እስከ 185 በመቶ ድረስ በቅናሽ ነው። ትምህርት ቤቶች “ዝቅተኛ ገቢ” የሚሉትን ተማሪ ለረጅም ጊዜ የቆጠሩት በዚህ ነው። ብዙ ወላጆቻችን ፎርሙን በይሉኝታ፣ “ልጄ ምሳ ይዞ ይሄዳል” ብለው፣ ወይም ከኢሚግሬሽን ጉዳይ ጋር የሚያያዝ መስሏቸው ይተዉታል። ያልተሞላ ፎርም ግን ቤተሰቡን ባለጸጋ አድርጎ ሊያስቆጥር ይችላል። እንደ ቲጄ ባለ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጁ ሊያገኘው የሚገባው ግምት ሊቀርበት ይችላል። ሳንድዊቹን ቤት ሠርቶ መላክ ይቻላል፤ ፎርሙን ግን መሙላት ነው።

ሦስተኛው በተለምዶ ኢኤስኤል የምንለው፣ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩት ልጆች ቡድን ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ይነገራል ብሎ የተመዘገበ ልጅ እንግሊዝኛው ይመዘናል፤ ካልበቃ በዚህ ቡድን ይገባል፤ ሲበቃ ይወጣል። ጎበዙ ሁልጊዜ ስለሚወጣ፣ የቡድኑ ውጤት ምንጊዜም ዝቅ ያለ ሆኖ ይታያል። ትምህርት ቤቱ እነዚህን ልጆች በደንብ ባስተማረ ቁጥር ቶሎ ስለሚወጡ፣ በቡድኑ ውስጥ የሚቀሩት አዲስ የመጡት ናቸው። ይህንን ቁጥር አይቶ “ስደተኛ ልጆች እዚህ አይሳካላቸውም” ማለት ስህተት ነው፤ ከቡድኑ የወጡትም ተጨምረው መታየት አለባቸው።

ወላጅ ምን ብሎ ይጠይቅ?

በትውውቅ ቀን ትምህርት ቤቱ የሚያሳየው ከሁሉ የሚያምረውን ቁጥር ነው፤ ማንም እንዲሁ ያደርጋል። የሚጠቅመው ሌላው ነው። ዘጠነኛ ክፍል ከገቡት ስንቱ እዚያው 12ኛ ደረሱ? ስንት አመለከቱ፣ ስንት ተጠሩ፣ ከእኛ ልጅ መለስተኛ ትምህርት ቤትስ? የኤፒ ትምህርት (በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ከወሰዱት ስንቱ ፈተናውን አለፉ? የልጆቹ የዕድገት መለኪያ፣ ማለትም ከአምናው ውጤታቸው አንጻር ዘንድሮ ምን ያህል ተራመዱ የሚለው፣ ምን ያሳያል? በገቢም በመነሻ ውጤትም የእኛን ልጅ የሚመስሉ ተማሪዎች እዚህና በሰፈራችን ትምህርት ቤት ምን አመጡ? ከሁሉ ይበልጥ የሚመዝነው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም አማካዩን ትቶ ወደ ልጃችን የሚጠጋ ጥያቄ እርሱ ብቻ ነው።

ጥያቄውን በአማርኛ ማቅረብ ይቻላል። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የትምህርት ቤት አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ዋና ዋና ማስታወቂያዎቻቸውን በአማርኛ ያወጣሉ። አስተርጓሚው አስቀድሞ፣ ቀጠሮ ሲያዝ ይጠየቃል፤ የ13 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ውጤት ለወላጁ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም።